የአንባቢያን ጥያቄ፦ የዲየንግ ቤተ መቅደሶች ለምን በረግረግ ሜዳ ላይ ተሠሩ?

ባለፈው እትማችን የመጨረሻ ገጽ ላይ በኢንዶኔዥያ፣ ጃቫ ደሴት የሚገኘውን የዲየንግ ሜዳና በላዩ የቆሙትን አምስት ትናንሽ የድንጋይ ቤተ መቅደሶች የሚያሳይ ፎቶግራፍ አውጥተን፣ ከሥሩ ሕንጻዎቹ በአንድ ወቅት ውሃ ውስጥ ቆመው እንደነበር የሚገልጽ አጭር ማብራሪያ አስፍረን ነበር። ብዙ ደብዳቤ ያመጣል ብለን አልጠበቅንም። ይሁንና ከደሴና ከኮምቦልቻ ብቻ የደረሱን ጥያቄዎች የዚህን ወር ዓምድ ሞልተውታል። ስም አይጠቀስ ያላችሁ ስለበዛችሁ ሁሉንም ያለ ስም አቅርበናል። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ፎቶግራፉን ቆርጬ ክፍል ውስጥ ለጥፌው ነበር። ተማሪዎቼ ጭጋጉንና ዙሪያውን የከበቡትን ተራሮች አይተው "ቲቸር፣ ይሄ ቦሩ ሜዳ አይደል እንዴ?" ብለው ተሳሳቁ። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። ያን የሚያህል ለምለም ደሴት እያላቸው ለምን ብርዳምና ረግረግ ሜዳ መረጡ? ውሃ ውስጥ ቆመው ነበር የተባለውስ እንዴት ሆኖ ነው?» የታሪክ መምህር፣ ከደሴ፣ ሸዋ በር

መልስ፦ ክቡር መምህር፣ ተማሪዎችዎ ብዙም አልተሳሳቱም። ዲየንግ በመካከለኛው ጃቫ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ የተንጣለለ ሜዳ ነው፤ ከኮምቦልቻ ከፍ፣ ከደሴ ዝቅ ይላል ማለት ነው። የዚህ ዓምድ አዘጋጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥልጠና ዮግያካርታ ከተማ በሄደ ጊዜ ሁለት ሌሊት እዚያ አድሯል። የደሴ ልጅ ብርድ አይፈራም ብዬ ካፖርት ሳልይዝ ወጥቼ፣ በሐምሌ መጨረሻ ጎህ ሲቀድ በቤተ መቅደሶቹ ፊት ያለው ሣር ነጭ ለብሶ አገኘሁት። ውርጭ ነበር። የአገሩ ገበሬዎች ይህን ውርጭ በቋንቋቸው «መርዛም ጤዛ» ብለው ይጠሩታል፤ ፀሐይ ሞቅ ስትል የድንቹ ቅጠል የፈላ ውሃ እንደተደፋበት ጠቁሮ ይሟሽሻልና። እኛ ውርጭን የምንፈራው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። እነሱ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ስለሆኑ ሰማያቸው የሚጠራውና ሌሊታቸው የሚቀዘቅዘው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ቀዝቃዛው አየር ከዙሪያው ጋራ ወርዶ ጎድጓዳው ሜዳ ላይ ይተኛል፤ መውጫም የለውም።

የውሃውም ጠባይ እንደ አየሩ ነው። ዲየንግ አንድ ተራራ ሳይሆን ብዙ የእሳተ ገሞራ አፎችና ጉብታዎች ተሰባስበው የሠሩት ቦታ ነው፤ ሜዳውም በጉብታዎቹ መካከል አመድና ደለል ሞልቶት የተስተካከለ ጎድጓዳ ነው። ከቤተ መቅደሶቹ የእግር መንገድ ርቀት ላይ ሲኪዳንግ በተባለው ስፍራ ጥቁር ግራጫ ጭቃ እንደ ሽሮ ወጥ ይንተከተካል። ትንሽ ራቅ ብሎ በድኝ ምክንያት አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ቢጫ መስሎ የሚታይ ሐይቅ አለ፤ ስሙም «ባለ ቀለም ሐይቅ» ነው። መሬቱ ይተነፍሳል፣ ውሃው ይፈላል፣ ጭጋጉ ከሰዓት በኋላ ወርዶ ሁሉን ይሸፍናል።

ጥያቄዎን የሚመልሰውም ይኸው ይመስለኛል። ግንበኞቹ ሺቫ የተባለውን አምላክ የሚያመልኩ ሂንዱዎች ነበሩ፤ በሃይማኖታቸው ተራራ የአማልክት ማደሪያ ነው፤ ውሃ ደግሞ ያነጻል። ዲየንግ የሚለው ስም ራሱ «ስፍራ» እና «አማልክት» የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የጥንት ጃቫ ቃላት የተገጣጠመ ነው። ስለዚህ እርስዎ እንቅፋት አድርገው ያዩት ብርድ፣ እንፋሎትና ረግረግ ለእነሱ መምጫ ምክንያት ነበር። ይህን በዓይን ማየት የሚፈልግ ሰው ከአምስቱ አንዱ ወደሆነው ወደ አርጁና ቤተ መቅደስ ሰሜናዊ ግድግዳ ይሂድ። ከግድግዳው አንድ የተጠረበ አሸንዳ ብቅ ብሎ ይታያል። ውስጥ በነበረው የሺቫ ምልክት ላይ ካህኑ ውሃ ሲያፈስ፣ ውሃው በወለሉ ቦይ አድርጎ በዚያ አሸንዳ ወደ ውጭ ይወርድ ነበር። ከጠቅላላው ሕንጻ ይበልጥ እኔን ያቆመችኝ ይህች ከክንድ የማትረዝም ድንጋይ ናት፤ ቤቱ የተሠራው ውሃ እንዲያልፍበት ነውና።

ሆኖም ሞኞች አልነበሩም፤ ሜዳው ውሃ እንደሚይዝ ያውቁ ነበር። ውሃውን ከሜዳው ሥር ወደ ቁልቁለቱ የሚያስወጣ የመሬት ውስጥ ቦይ ቆፍረዋል። የአገሬው ሰው ዛሬም «የአስዋታማ ዋሻ» እያለ፣ ማሃባራታ በተባለው የሕንዶች ጥንታዊ የጀግኖች ታሪክ ውስጥ ያለ አንድ ተዋጊ በሌሊት ጠላቶቹ ዘንድ ሾልኮ ለመግባት የቆፈረው ነው ብሎ ይተርክለታል። ቦዩ የሚጠርገው ሰው እስካለ ድረስ ሠራ፤ ሰው ሲጠፋ ደለል ዘጋው፤ ሜዳውም ተመልሶ ሐይቅ ሆነ። ጃቫ በእንግሊዞች እጅ በነበረችበት በ1814፣ የአገረ ገዢው የራፍልስ ባለሙያ የነበረው መሐንዲስ ኮርኔሊየስ ወደ ላይ ሲወጣ ያያቸው ቤተ መቅደሶች ውሃ መሐል የቆሙ ነበሩ። ውሃው እንዲጠነፈፍ የተደረገው በዚያው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ሲሆን፣ በ1864 ፎቶግራፍ አንሺው ቫን ኪንስበርገን ከጭቃ የወጡትን ግድግዳዎችና ምስሎች አንስቷቸዋል።

መቼ ተሠሩ ለሚሉት፣ እዚያው የተገኘ አንድ የድንጋይ ጽሑፍ 731 የሚል ዓመት ይዟል። ይህ ሻካ በተባለው የሕንድ አቆጣጠር ስለሆነ 78 ሲደመርበት 809 ይሆናል። (ሰባት ወይስ ስምንት እያልን የምንጨቃጨቅ እኛ፣ ሰባ ስምንት የሚደምሩ ሰዎችን ስናይ ልንጽናና ይገባል።) ከሕንጻዎቹ አንዳንዶቹ ከዚህ ዓመት በፊት እንደተሠሩ ይታመናል።

ጥያቄ፦ «ላሊበላን ሁለት ጊዜ ተሳልሜያለሁ። የዲየንግ ቤተ መቅደሶችም እንደዚያ ከአለት የተፈለፈሉ ናቸው ወይ? ስማቸው አርጁና፣ ቢማ እየተባለ በጀግኖች ስም መሆኑስ የነገሥታት መቃብር ስለሆኑ ነው?» የአስጎብኚነት ተማሪ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አይደሉም፤ እንዲያውም አሠራራቸው የላሊበላ ተቃራኒ ነው። ላሊበላ ላይ ጠራቢው ከጣራው ጀምሮ ወደ ታች እየፈለፈለ፣ ቤት ያልሆነውን አለት አውጥቶ ይጥላል። የጃቫው ግንበኛ ደግሞ አንዲሳይት የሚባለውን ግራጫ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጠርቦ፣ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ ከመሠረት ወደ ላይ ይደራርበዋል። አንዱን ድንጋይ ከሌላው ጋር የሚያያዘው በአንዱ የተተወው ጉጥና በሌላው የተፈለፈለው ጎድጓዳ ነው፤ አናጢ እንጨትን በምላስና በሰርጥ እንደሚያጋጥም ማለት ነው። በር ላይ ቅስት አያውቁም፤ ድንጋዮቹን ከግራና ከቀኝ ቀስ በቀስ ወደ መሐል እያስገቡ ከላይ ያገናኟቸዋል። ለዚህ ነው ውስጣቸው ጠባብና ጨለማ የሆነው። ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ደጅ ይጠብቃል። ለጉባኤ የተሠሩ አይደሉም፤ የአምላክ ምስል ማኖሪያ ናቸው።

ይህ አሠራር አንድ ጥሩና አንድ መጥፎ ነገር አለው። የፈረሰ ቤተ መቅደስ ድንጋዩ ካልተሰረቀ ተመልሶ ሊገጣጠም ይችላል፤ የላሊበላ ግድግዳ ግን አንዴ ከተሸረፈ ተሸርፎ ይቀራል። በሌላ በኩል የተጠረበ ልቅ ድንጋይ አጥርና ድልድይ ለሚሠራ ሰው እንደ ስጦታ ነው። ዲየንግ ላይ በመቶ ይቆጠሩ ነበር ከሚባሉት ሕንጻዎች ዛሬ ቆመው የሚታዩት ስምንት ብቻ ናቸው። ፕራምባናን በሚባለው ሰፊ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ ደግሞ የፈረሰ ሕንጻ እንደገና የሚቆመው ከዋናው ድንጋይ ቢያንስ ሦስት አራተኛው ሲገኝ ብቻ ነው የሚል ደንብ ስለተያዘ፣ ከትናንሾቹ አብዛኞቹ እስከ ዛሬ የድንጋይ ክምር ናቸው። በእኔ አስተያየት ጥሩ ደንብ ነው። ክምሩ ቢያንስ አይዋሽም።

ስሞቹን በሚመለከት፣ አርጁና፣ ስሪካንዲ፣ ፑንታዴዋ፣ ሴምባድራ፣ ሰማር፣ ጋቶትካቻና ቢማ የተባሉት ሕንጻዎቹ ከተረሱ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። የጃቫ ሕዝብ እነዚህን ጀግኖች የሚያውቃቸው ሌሊቱን ሙሉ በፋኖስ ብርሃን ከሚታየው የጥላ አሻንጉሊት ጨዋታ ነው፤ ባለቤቱ ያልታወቀውን ቤት ሁሉ ለሚወዳቸው ጀግኖች አደለው። መቃብር አይደሉም፤ የሺቫ ቤቶች ናቸው። ስሪካንዲ ላይ ለምሳሌ ሦስቱ የሂንዱ አማልክት፣ በሰሜን ቪሽኑ፣ በምሥራቅ ሺቫ፣ በደቡብ ብራህማ ተቀርጸው ይታያሉ። አርጁና፣ ስሪካንዲ፣ ፑንታዴዋና ሴምባድራ በአንድ መስመር ቆመው ወደ ምዕራብ ሲያዩ፣ አጭሩና ወርዳሙ ሰማር ብቻ ፊቱን ወደ አርጁና አዙሯል፤ በተረቱም ሰማር የአርጁና አገልጋይ ነውና ስም ያወጣው ሰው ነገር ያውቃል። አስጎብኚ ለመሆን ከሆነ ሐሳብዎ፣ ለብቻው ጉብታ ላይ የቆመውን ቢማን ያጥኑ። ጣሪያው በየደረጃው የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ባላቸው መስኮቶች የተሞላ ሲሆን፣ ከየመስኮቱ አንድ የተቀረጸ ራስ ሰፈሩን እንደሚታዘብ ጎረቤት ብቅ ብሎ ይመለከትዎታል። እንዲህ ያለ ጣሪያ በጃቫ ሌላ ቦታ የለም፤ ባለሙያዎች የሚያመሳስሉት ከሰሜን ሕንድ ቤተ መቅደሶች ጋር ነው።

ጥያቄ፦ «ቦሮቡዱር ነው የሚቀድመው ወይስ ዲየንግ?» ከደሴ፣ ፒያሳ

መልስ፦ ዲየንግ ይቀድማል። ዲየንግ በጃቫ ከሚታወቁት የድንጋይ ቤተ መቅደሶች ሁሉ ጥንታዊ ከሚባሉት ወገን ነው። ቦሮቡዱር ከ8ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የተገነባ የቡድሃ መታሰቢያ ሲሆን፣ 504 የቡድሃ ሐውልቶችና 2,672 የተቀረጹ ሰሌዳዎች አሉት። በ1991 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እርሱንም ያስቸገረው ውሃ ነው። የተሠራው በአፈር ኮረብታ ላይ ስለሆነ ዝናቡ በድንጋዮቹ መገጣጠሚያ እየሰረገ አፈሩን ሲያሳብጠው ግድግዳው ዘመመ። በ1970ዎቹ በዩኔስኮ እርዳታ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ድንጋይ አንድ በአንድ ወርዶ፣ ከሥሩ የውሃ መውረጃ ከተሠራ በኋላ ነው ተመልሶ የተደረደረው።

ጥያቄ፦ «ፋብሪካ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ ጓደኛዬ ዲየንግ ላይ ሰው በማይታይ ነገር ያልቃል አለኝ። እሱ ማጋነን ይወዳል። እውነት ከሆነ ሰዎቹ ለምን ለቀው አይሄዱም?» ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ጓደኛዎ በዚህ አንድ ጊዜ አላጋነነም። እ.ኤ.አ. የካቲት 20 ቀን 1979 ከመንጋቱ በፊት ሲኒላ የተባለው የእሳተ ገሞራ አፍ ፈንድቶ፣ የመንደሩ ሰው ፍንዳታውን ሸሽቶ በመንገዱ ሲሮጥ ከመሬት ስንጥቅ የወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጠበቀው፤ ከ140 በላይ ሰዎች ሞቱ። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከአየር ስለሚከብድ በቦይና በጎድጓዳ ቦታ ይጠራቀማል። ስለ ውርጩ ከላይ ለመምህሩ የተናገርነውን ያስታውሱ፤ ሜዳው ብርዱን የሚይዝበት ቅርጹ ጋዙንም ይይዝለታል። ዛሬ ቲምባንግ በተባለው አፍ አካባቢ የጋዙን መጠን የሚለኩ መሣሪያዎች ተተክለዋል፤ መጠኑ ሲጨምር ገበሬው ወደ ማሳው እንዳይወጣ ይነገረዋል።

ለምን አይሄዱም ለሚለው፣ ስፍራው የሚገድለውን ያህል ያበላል። የእሳተ ገሞራ አፈር ድንችና ጎመን ከሰጡት አያሳፍርም፤ እንፋሎቱም ዛሬ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ለነገሩ እሳተ ገሞራ ጃቫ ውስጥ ቅርስ ቀብሮ በማቆየትም ይታወቃል። ዮግያካርታ አጠገብ በ1966 አንድ ገበሬ ሲቆፍር ዶማው የተቀረጸ ድንጋይ መታ፤ ቆፋሪዎች ሲቀጥሉበት ሳምቢሳሪ የተባለ ሙሉ ቤተ መቅደስ 6 ሜትር ተኩል ጥልቀት ውስጥ ወጣ። አመድና ደለል አልብሶት ስለነበር ድንጋይ ሰራቂም ዝናብም አላገኘውም። ዛሬ ጎብኚው የሚያየው ከጉድጓድ አፋፍ ቆሞ ቁልቁል ነው።

ጥያቄ፦ «የዛሬዎቹ የዲየንግ ነዋሪዎች ሙስሊሞች ናቸው ብሎ ልጄ ነገረኝ። እኛ ወሎ ውስጥ መስጊዱንም ቤተ ክርስቲያኑንም ተጋግዘን ነው የምንሠራው። እነሱ ግን የማያመልኩበትን ቤት ማን ይጠብቅላቸዋል?» እናት፣ ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎ ትክክል ነው። በሕግ በኩል የመንግሥት ጥበቃ አላቸው። ቅርስን የሚጠብቅ ደንብ ከሆላንዶች ዘመን ከ1931 ጀምሮ ነበር፤ አሁን የሚሠራበት የ2010 አዋጅ ነው። በዘበኛና በአጥር ግን ብዙ አይኬድም። በቦታው ያየሁትን ልንገርዎ።

ከቤተ መቅደሶቹ አጥር ጀምሮ እስከ ጋራው ጫፍ ድረስ ድንች ነው። ከ1980ዎቹ ወዲህ ድንች ገንዘብ ስላመጣ፣ ደን የነበረው ቁልቁለት ሁሉ ተመነጠረ። ገበሬው መደቡን የሚያወጣው ሽቅብና ቁልቁል ነው፤ አግድም ካወጣው ውሃ ቋጥሮ ድንቹ ይበሰብስበታል። ዝናብ ሲመጣ ታዲያ አፈሩ በዚያው በመደቡ መሐል ይወርዳል። ጥቂቱ ሜዳው ላይ ይቀራል፤ የቀረው ከዲየንግ በሚነሳው በሰራዩ ወንዝ ገብቶ ታች ያለውን የምሪቻ ግድብ በደለል ይሞላዋል። የጥንቱን ቦይ ደፍኖ ሜዳውን ሐይቅ ያደረገው ደለል እንደገና እየተመረተ ነው ማለት ይቻላል። ዙሪያው የታጠረ የቅርስ ግቢ ይህን አያቆመውም፤ ቤተ መቅደሶቹ የሚጠበቁት ከአጥሩ ውጭ ባለው ቁልቁለት ነው ብዬ አምናለሁ። ገበሬውን ግን ልወቅሰው አልችልም። ባረፍኩበት ቤት ያበሰሉልኝ ድንች ከዚያው ቁልቁለት የመጣ ነበር፤ የቤቱ አባወራም ከሁለት ሌሊት በፊት የመታውን ውርጭ እያሰበ ተክዞ ነበር የሚበላው።

ማን ይጠብቃል ላሉት ግን ሌላም መልስ አለ። በዲየንግ አንዳንድ ሕፃናት ትኩሳት ይዟቸው ሲድኑ ፀጉራቸው ተቋጥሮ ይገመዳል። ወላጅ እንደኛ ቁንጮ ሲሻው አይላጨውም፤ ልጁ ራሱ «ቁረጡልኝ» እስኪል ይጠበቃል። ሲል ደግሞ የሚፈልገውን ነገር ይናገራል፤ ፍየልም ይሁን ብስክሌት የጠየቀው ሳይቀርብ ፀጉሩ አይነካም፤ ያለዚያ ተመልሶ ይገመዳል ይባላል። ሥርዓቱ የሚፈጸመው ሙስሊም አባቶች ዱዓ እያደረጉ፣ በየዓመቱ በሚደረገው በዓል ላይ በእነዚሁ በሂንዱ ቤተ መቅደሶች ግቢ ነው። ከዚያ የተቆረጠውን ፀጉር ወስደው ውሃ ላይ ይለቁታል።